ዋንዛን በመኖሪያ ግቢ ስለ መትከል

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱ፥ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ቤቱ ተፈጽሞ፥ ወዳጅ ዘመድ ተጠርቶ ከተመረቀ በኋላ፥ ከደጁ እስከ አጥሩ ያለው ባዶ መሬት ምን እንደሚሆን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ሙሉውን ሲሚንቶ ያለብሰዋል፤ አንዳንዱ በየዓመቱ የሚነቀል አበባ ብቻ ይተክልበታል፤ አንዳንዱም ቶሎ አድጎ ቶሎ እንዲሸጥለት ባሕር ዛፍ ይደረድርበታል። ዘመን አልፎ የልጅ ልጆች በመጡ ጊዜ ግን፥ በዚያ ግቢ ውስጥ አያታቸውን የሚያስታውሳቸውና በጥላው የሚያስቀምጣቸው አንድ ዛፍ አይገኝም።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ስለ አንድ የአገራችን ዛፍ፥ ይኸውም ስለ ዋንዛ፥ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። ዋንዛን ብዙ ሰው የሚያውቀው በጣውላነቱ ነው። በሰው ቤት ያለውን በር፥ ቁም ሣጥን ወይም አልጋ ዳስሶ «ይህስ ዋንዛ ነው» እያለ ያደንቃል። ነገር ግን ያው ዛፍ በሕይወት ሳለ በገዛ ግቢው ሊያቆመው እንደሚችል ልብ አይልም። ዋንዛ ለጌጥ፥ ለጥላ፥ ለንብ፥ በመጨረሻም ለዕቃ የሚሆን፥ አንድ ሰው ተክሎት በገዛ ዕድሜው ጥላውን ሊያይ የሚችል ዛፍ ነው። እንደ ዝግባና እንደ ወይራ እጅግ አያዘገይም፤ እንደ ባሕር ዛፍም ጎረቤቱን እያደረቀ አይቸኩልም።

የጎንደር ሰዎች ልማድ

ዋንዛን በቤት አጠገብ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአባቶቻችን ልማድ ነበረ። ለዚህም ምስክር የሚሆነን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ለማየት ተነሥቶ፥ በዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፥ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ያየውንና የሰማውን በአምስት ታላላቅ ጥራዞች ጽፎ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1790 ዓመት አሳተመው። በዚህም ሥራው የአገራችንን ዕፀዋት በሥዕል እያሳየ ሲገልጽ፥ ዋንዛን በአገራችን ስሙ ጠርቶ ስለ እርሱ ጽፏል።

ብሩስ እንደሚነግረን፥ በዚያ ዘመን በጎንደር በያንዳንዱ ቤት ዙሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዋንዛ ተተክሎ ይታይ ነበር። ስለዚህ እንግዳ ሰው ከተማዪቱን መጀመሪያ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሲያያት ደን ትመስለው ነበር። ክረምቱም ሊያልቅ ሲል፥ በአውሮጳውያን መስከረም መባቻ፥ ይኸውም በእኛ የነሐሴ መጨረሻ፥ ዛፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ነጭ አበባ ያብቡና ከተማዪቱ በሙሉ ነጭ ለብሳ ትታይ ነበር። ብሩስ ሕዝቡ ይህን ዛፍ በየቤቱ የሚተክልበትን ምክንያት አላወቀም፤ አለማወቁንም ሳይደብቅ ጽፎታል።

እኛ ግን ምክንያቱን ለመገመት ብዙ አያስቸግረንም። ጥላ ያለው፥ አበባው ከዘመን መለወጫ ጋራ የሚገጥም፥ ፍሬው ለልጆች የሚጣፍጥ፥ እንጨቱ ለበርና ለገበታ የሚሆን ዛፍ በደጁ ቢቆም ማን ይጠላል? ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን ሌላ ነው። ያን ደን የሚመስል ከተማ ያስገኘው በያንዳንዱ ቤት የቆመው ሁለትና ሦስት ዛፍ ነው። አንድ አባወራ የሚተክለው ዛፍ ለብቻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደረገ እንደ ሆነ ግን ከተማው ይለወጣል።

የዛፉ ጠባይ

ዋንዛ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ኮርዲያ አፍሪካና ይባላል። ይህን ስም በአውሮጳ አቆጣጠር በ1792 ዓመት ያወጣለት ላማርክ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ቀድሞ ብዙ ጊዜ ኮርዲያ አቢሲኒካ እየተባለም ይጻፍ ነበር። በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በብዙ የአፍሪካ አገሮችና ባሕር ተሻግሮም በየመን ይበቅላል። በአገራችን የሚስማማው ወይና ደጋ ነው። ቆላም ሆኖ ዝናብና ርጥበት ባለበት ስፍራ ይገኛል፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2600 ሜትር የሚያልፍ ብርዳማ አገር አይስማማውም፤ ውርጭም ይጎዳዋል። ስለዚህ የደጋ ሰው ዋንዛን ከመመኘት ጥዱንና ኮሶውን ቢተክል ይሻለዋል። እያንዳንዱ ዛፍ የተፈጠረለት አገር አለውና።

ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሜትር ይደርሳል፤ እጅግ በተስማማው ስፍራ ከዚህ በላይ ይረዝማል። ግንዱ እንደ ጥድ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጎበጥ ጎበጥ ይላል፤ ቅርንጫፎቹ ግን ወደ ጎን ሰፋ ብለው እንደ ጥላ ይዘረጋሉ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ በላይ በኩል ሻካራ፥ በታች በኩል ለስላሳ ነው። አበባው ነጭ፥ ስስና መዓዛ ያለው ሲሆን፥ በየቅርንጫፉ ጫፍ ተሰብስቦ ስለሚያብብ ዛፉ ከሩቅ ይለያል። ንብም አበባውን እጅግ ትወደዋለች፤ ስለዚህ ቀፎ ያለው ቤተሰብ ዋንዛን ቢተክል ማሩ እንደ ተጨመረለት ይቍጠረው።

ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ውስጡም ጣፋጭና የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር አለው። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ፊደል መቍጠር የጀመረው ከአንድ የዋንዛ ጥላ ሥር ነው። የኔታ ፊታቸውን መለስ ባደረጉ ጊዜ እየለቀምን እንበላ ነበር፤ የተቀደደ ወረቀትም በፍሬው እናጣብቅ ነበር። ጣታችን ተጣብቆ ስለሚያሳብቅብን ግን ከቍጣ አንድንም ነበር።

እንጨቱም ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ፥ ለመጥረብና ለመላግ የማያስቸግር፥ ምስጥም በቀላሉ የማይደፍረው ነው። ስለዚህ በር፥ መስኮት፥ ጠረጴዛና ሣጥን ይሠራበታል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮም ከግንዱ ተቦርቡሮ ይሠራል። በጅማና በከፋ፥ በወለጋና በሲዳማም የቡና ጥላ ሆኖ ያገለግላል፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ መሬቱን ያለሰልሰዋልና።

ቦታ ስለ መምረጥ

ዋንዛን ለመትከል ያሰበ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው፥ ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ዛፉ ዛሬ ያለውን ቁመት ሳይሆን የዛሬ ሃያ ዓመት የሚኖረውን ስፋት በዓይነ ኅሊናው ማየት ነው። ይህን አለማድረግ ምን እንደሚያመጣ ከገዛ ስሕተቴ ልንገራችሁ።

ቤቴን በሠራሁ ዓመት አንዲት የስንዝር ያህል የዋንዛ ችግኝ አግኝቼ ከማድ ቤቱ ግድግዳ በአራት ክንድ ርቀት ተከልኋት። ያን ጊዜ ቦታው ሰፊ መስሎ ታየኝ። ባለቤቴ «ለጣራው አይቀርብም ወይ?» ብላ ብትጠይቀኝ፥ «እስኪያድግ ማን ያውቃል» ብዬ መለስሁላት። ዛፉ ግን አደገ። በስምንተኛው ዓመት ቅርንጫፎቹ ቆርቆሮውን በነፋስ ጊዜ እየመቱ እንቅልፍ ከለከሉን፤ ቅጠሉ አሸንዳውን ደፍኖ የክረምቱ ውሃ በግድግዳው ላይ ወረደ። በመጨረሻ በገዛ እጄ የተከልሁትን ዛፍ በገዛ ገንዘቤ አስቈረጥሁት። በተቈረጠ ጊዜ ልጆቼ ግንዱ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ፤ እኔም የምነግራቸው ቃል አጣሁ። ስሕተቱ የኔ እንጂ የዛፉ አልነበረምና።

ስለዚህ ከቤት ግድግዳ ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሜትር ማራቅ ይገባል። ከውሃ ቧንቧ፥ ከፍሳሽ ጕድጓድና ከመብራት ሽቦም እንዲሁ መራቅ አለበት። ከጎረቤት አጥር አጠገብም መትከል አይገባም፤ ቅርንጫፉ ወደዚያ፥ ቅጠሉም ወደዚያ እያለ የማያልቅ ጭቅጭቅ ያመጣል። ግቢው ጠባብ ከሆነ ዋንዛውን ትቶ አነስ ያለ ተክል መምረጥ ይሻላል፤ በኋላ የሚቈረጥ ዛፍ ከመትከል ሳይተክሉ መቅረት ይሻላልና።

መሬቱ ጥልቀት ያለው፥ ውሃ የማይቋጥር፥ ፀሐይም በደንብ የሚያገኘው ይሁን። በክረምት ውሃ የሚተኛበት መረሬ ለዋንዛ አይመችም። ሌላም ነገር አለ፤ ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን የሚያረግፍበት ጊዜ ስላለው፥ ከሥሩ የውሃ ገንዳ ወይም የእህል መስጫ ስፍራ ማድረግ አይመከርም። መቀመጫ ማድረግ ግን መልካም ነው።

ዘሩን ስለ ማዘጋጀት

ከችግኝ ጣቢያ የተዘጋጀ ችግኝ መግዛት ቀላሉ መንገድ ነው። ነገር ግን ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከዘሩ ቢጀምር ትልቅ ትምህርት ያገኝበታል። ፍሬው በበጋ ወራት ደኅና አድርጎ ሲበስል፥ ከጤነኛና ግንዱ ቀና ካለ ዛፍ ይለቀማል። ዘሩ የወላጁን ጠባይ ስለሚከተል፥ ከጎባጣ ዛፍ ከመልቀም ትንሽ መንገድ ሄዶ ደኅናውን መፈለግ ይገባል። የተለቀመው ፍሬ በውሃ ተዘፍዝፎ በእጅ ይታሻል፤ ያ የሚያጣብቀው ልጋግ እስኪለቅ ድረስ ውሃው ደጋግሞ ይለወጣል። ከዚያ ዘሩ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ይደርቃል።

ለስላሳ አፈር፥ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት አሸዋ ተቀላቅሎ በላስቲክ ከረጢት ይሞላል። በያንዳንዱ ከረጢት ሁለት ዘር ከጣት አንጓ በማያልፍ ጥልቀት ተቀብሮ፥ በላዩ ቀጭን ሣር ይለብሳል፤ ጧትና ማታም ውሃ በዝግታ ይረጫል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ባቄላ በሳምንት ብቅ ይላል፤ ዋንዛ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ በመሬት ውስጥ ይቈያል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ዘሩ ሞቷል» ብሎ አፈሩን ይደፋዋል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ልጆች ይህን ወር መጠበቅን ከለመዱ ከዛፉ በፊት ሌላ ፍሬ አገኙ ማለት ነው።

በቡቃያው ላይ ሁለት ከወጡ ደካማው ተነቅሎ ጠንካራው ይቀራል። በጥርና በየካቲት የተዘራው ዘር ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል። ከመተከሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ጥላው እየተቀነሰ፥ ውሃውም እየተቈጠበ ችግኙ ፀሐይ እንዲለምድ ይደረጋል። ያለዚያ በእንክብካቤ ያደገ ችግኝ ሜዳ ላይ በወጣ በሳምንቱ ይጠወልጋል። ከትልቅ ዋንዛ ሥር ወፍና ንፋስ ከጣሉት ዘር የበቀለ ችግኝ ካለም፥ በዝናብ ጊዜ ከነአፈሩ በጥንቃቄ ተነሥቶ ሊተከል ይችላል።

ስለ ተከላውና ስለ ጥበቃው

ጕድጓዱ ከተከላው አንድ ወር አስቀድሞ ይቈፈር። ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ሲቈፈር የላይኛው ጥቍር አፈር በአንድ ወገን፥ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጣል፤ ሲመለስ ግን የላይኛው ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ተደባልቆ ወደ ታች ይገባል። ሥሩ የሚያገኘው ምግብ እዚያ ነውና።

ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ፥ በሐምሌ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት፥ ደመና ባለበት ቀን ወይም ወደ ማታ ሲል ይተከላል። የላስቲኩ ከረጢት ፈጽሞ መውጣት አለበት። ብዙ ችግኝ የሚሞተው፥ ተካዩ ቸኵሎ ከነላስቲኩ ስለሚቀብረው ነው። ሥሩ ተጠቅልሎ ከሆነ የተጠቀለለው ጫፍ በስለት ይቈረጣል። ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ እስከ ነበረበት ልክ ብቻ ይቀበር፤ አንገቱን በአፈር መቅበር ግንዱን ያበሰብሰዋል። አፈሩ በእግር በመጠኑ ተረግጦ ይጠናል፤ ዙሪያውንም የውሃ መያዣ እንደ ሳሕን ይበጅለታል።

ከተከላው ቀን ይልቅ የሚከብደው የሚቀጥሉት ሁለት በጋዎች ናቸው። በአገራችን በየክረምቱ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ችግኝ ይተክላል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አረንጓዴ ዐሻራ የተባለውም ሥራ ይህን ልማድ እጅግ አስፍቶታል። ነገር ግን ዛፍ የሚያድገው በተተከለበት ቀን አይደለም፤ በጥቅምት፥ በጥርና በመጋቢት በሚጠጣው ውሃ ነው። በግቢ ውስጥ የተተከለ ችግኝ ከሜዳው ችግኝ የሚበልጥበት ዕድል ይህ ነው፤ ባለቤቱ ዘወትር ያየዋልና። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ባልዲ ወይም ሁለት ባልዲ ውሃ በዝግታ ቢፈስለት ይበቃዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ግን ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል እንጂ ወደ ታች አያወርደውም።

ፍየልና በግ፥ ጥጃም ያለበት ግቢ ከሆነ በእንጨት ወይም በእሾህ ታጥሮ ይጠበቅ፤ ከብት የዋንዛን ቅጠል ይወዳልና። ዙሪያው ከአረም ይጽዳ፤ ደረቅ ቅጠልም ግንዱን ሳይነካ ይጐዝጐዝለት።

ዋንዛ በልጅነቱ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ ማውጣትና መጕበጥ ይወዳል። ስለዚህ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ቀጥ ያለ እንጨት ተተክሎለት በለስላሳ ጨርቅ ይታሰርለት፤ ሽቦ ግን ግንዱን ስለሚቈርጥ አይታሰርበት። የታችኞቹ ቅርንጫፎች ገና አውራ ጣት ሳያክሉ በበጋ በተሳለ መቍረጫ ይገረዙ፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ብዙ ቅርንጫፍ አይወሰድበት። ጫፉን መቍረጥ ደግሞ ከቶ አይገባም። የተቈረጠ ዋንዛ ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ይህ ለእንጨት ፈላጊ መልካም ቢሆንም ለግቢ ጌጥ የታሰበውን ዛፍ መልኩን ያበላሸዋል።

ስለ ውርስ

አሁን ደግሞ ዛፍ በቤተሰብ መካከል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ነገር ላውጋችሁ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራዬ ብዙ የውርስ መዝገብ በእጄ አልፏል። የገንዘቡም፥ የቤቱም፥ የመኪናውም ክፍያ በቍጥር ይፈጸማል። በአንድ መዝገብ ላይ ግን ነገሩን ሁሉ ያሰናከለው አንድ ዋንዛ ነበረ።

አባትየው ዛፉን የተከሉት ሦስተኛዪቱ ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት ነው። እርሳቸው ሲያርፉ ልጅቱ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ዛፉም እንዲሁ። ሁለቱ ወንድሞቿ ቤቱ ከመሸጡ በፊት ዛፉ ተቈርጦ ጣውላው ለብቻው ቢሸጥ የተሻለ ዋጋ እናገኛለን ብለው ተስማሙ፤ የሚገዛ ሰውም አመጡ። እኅታቸው ግን እንቢ አለች። ሽማግሎች በተቀመጡበት ቀን ታላቅ ወንድሟን እንዲህ አለችው።

«ወንድም ጋሼ፥ ቤቱን ብንሸጥ ሌላ ቤት እንሠራለን። ይህን ዛፍ ግን በስንት ዓመት እንሠራዋለን?»

እርሱም «እኅቴ፥ ዛፍ እኮ መልሶ ይበቅላል» አላት።

«የሚበቅለውማ የሚተክለው ሲገኝ ነው። እኛ ሦስታችን ከተወለድን ጀምሮ ማናችን አንድ ተከልን?»

ታላቅየው መልስ አልሰጠም። ታናሽየው ወደ መሬት አየ። ከሽማግሎቹም አንዱ «ልጆቼ፥ ይህ ጥያቄ ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ እኛንም ያገኘናል» ብለው ነገሩን ወደ ዕርቅ መለሱት።

በመጨረሻ እኅትየዋ ከኋላ ያሉትን የሚከራዩ ክፍሎች ለወንድሞቿ ለቀቀችና ዋንዛው ያለበትን የፊት ግቢ ወሰደች። በገንዘብ ቢተመን የርሷ ድርሻ አንሷል። የስምምነቱን ቃል የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ እንደ ጸሐፊ ልማድ የተስማሙበትን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፌ ሳነብላቸው፥ ስለ ዛፉ የተጻፈውን ቃል ሁለት ጊዜ እንዳነብላት ለመነችኝ። ባለፈው ክረምት በመንገድ አግኝቻት ስጠይቃት፥ ታላቅ ወንድሟ ከዛፉ ሥር የበቀሉ ሁለት ችግኞች ወስዶ በአዲሱ ግቢው እንደ ተከለ ነገረችኝ። አንዱ ደርቋል፤ አንዱ አለ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ዛፍ የተከለ አባት ወይም እናት በሕይወት ሳሉ ስለ ዛፉ ያላቸውን ፈቃድ ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ በኑዛዜም ቢጽፉት መልካም ነው። ቤትና መሬት የሚጻፍ ከሆነ ሠላሳ ዓመት የተደከመበት ዛፍ ስለ ምን ይረሳል? ሁለተኛ፥ ዛፉ የሁሉም እንዲሆን ልጆች ሁሉ ከተከላው ጀምሮ ይካፈሉበት። ውሃ ያጠጣ ልጅ መጥረቢያ ለማንሣት አይቸኵልም።

ዛፉ በመጨረሻ አርጅቶ ወይም ታሞ መቈረጡ ግድ የሆነ እንደ ሆነም ሥርዐቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 94 ዋንዛን፥ ኮሶን፥ ጥድንና ዝግባን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር፤ እነዚህ አራቱ በአገራችን እየተመናመኑ መሄዳቸው ስለ ታወቀ ነው። ያ ዐዋጅ በኋላ በሌሎች ተተክቷል፤ ከነዚህም በ2010 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 1065 ይገኛል። ስለዚህ በገዛ ግቢው የተከለው ሰው እንኳ ከመቍረጡና ጣውላውን ወደ ሌላ ስፍራ ከማጓጓዙ በፊት በአካባቢው ያለውን መሥሪያ ቤት ጠይቆ ፈቃድ ቢይዝ ከብዙ ችግር ይድናል።

መደምደሚያ

ዛሬ በቤቶቻችን ያለው የዋንዛ ዕቃ ሁሉ፥ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ያሳደጉት ወይም ሳይቈርጡ የተዉት ዛፍ ነው። እኛ የሌላውን ጥላ ጨርሰን የራሳችንን ሳንተክል ብንቀር፥ ልጆቻችን የዋንዛን ስም ከአሮጌ ሣጥን ላይ ብቻ ይማሩታል።

የኔ ነገር ደግሞ ይህን ይመስላል። ያን ከማድ ቤት አጠገብ የተቈረጠውን ዛፍ ካስወገድሁ በኋላ፥ በመጨረሻው ዓመት ካፈራው ፍሬ ልጆቼ ጥቂት ለቅመው አስቀምጠው ኖሮ አመጡልኝ። ከዘራናቸው ከረጢቶች ውስጥ ዐራቱ በቀሉ። አንዱን፥ ባለቤቴ በገመድ ለክታ ባሳየችኝ ስፍራ፥ ከግድግዳው በ10 ሜትር ርቀት ተከልነው፤ ሦስቱን ለጎረቤት ሰጠን። ዛፉ ዛሬ ከበሩ ጉበን ይበልጣል፤ ባለፈው ዓመትም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት አበባ አሳየ። ታናሽ ልጄ ከሁሉ ቀድማ አይታው ሁላችንንም ከቤት ጠርታ አወጣችን።

አንባቢዎች ሆይ፥ ጕድጓዱን በሰኔ ቈፍሩ፤ ችግኙን በሐምሌ ትከሉ፤ ውሃውን በጥር አትርሱ። ቦታውን ለመምረጥ ግን ክረምቱን አትጠብቁ፤ ዛሬ ከደጃፋችሁ ቆማችሁ በገመድ ለኩት።